ቴአትሩን ወደ ፊልም ስናመጣ፦ ያደከመን ካሜራው አይደለም

ጅማ ላይ ፊልም ልትቀርጹ ካሰባችሁ መጀመሪያ ስለ ፈቃድ ደብዳቤው አስቡ። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ቴአትሩ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጆችን ታሪክ ይተርካል። ወንድምና እህት ናቸው፤ ሰፈሩ «ቡዳ» ብሎ አግልሏቸዋል። መብቱን ከደራሲው በጽሑፍ ወሰድን። በቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ድርሰትን ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው። ተዋንያኑ የመድረክ ድምፃቸውን ዝቅ እስኪያደርጉ ተለማመድን። ቀረጻውን ለበጋ ያዝን፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ንግግር አይቀዳም።

ከዚያ የፈቃዱ ጣጣ መጣ። በሐሙስ ገበያና በአዌቱ ወንዝ ዳር ለመቅረጽ አመለከትን። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሙሉ ስክሪፕት ጠየቀ፤ ሰጠን። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለሱ» ተጀመረ። በኋላ አንዱ ባለሙያ ስክሪፕቱን በቀይ አስምሮ መለሰልን። «ቡዳ የሚለው ይውጣ፤ የከተማውን ገጽታ ያበላሻል። ለምን ወላጅ አልባ አታደርጓቸውም?»

እስካሁን ያንገበግበኛል። ወላጅ ለሌለው ልጅ ሰው ያዝናል፤ ጎረቤት እንጀራ ያቀብለዋል። የእነዚህ እናት ግን በሕይወት አለች። እሷ በሠራችው ጀበና ሰፈሩ ሁሉ ቡና ያፈላል። እሷን «ነይ ቡና ጠጪ» ብሎ የሚጠራት ግን የለም። ይህ ከወጣ ምን ታሪክ ቀረ? መድረክ ላይ እህትየው ይህንን በረጅም ንግግር ትናገረዋለች። እኔ ንግግሩን በሙሉ አውጥቼ ጀበናው ገበያ ላይ ሲሸጥ፣ ከዚያም ገዢዋ ቤት ቡና ሲቀዳበት አሳየሁ። በሠራሁት ሁሉ ከዚህ በላይ የምኮራበት የለም። ሰውየው በቀይ ያሰመረውም እዚሁ ላይ ነበር።

«እሺ፣ ይህንኑ በደብዳቤ ጻፉልኝ» አልኩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) እንደሚከለክልም ጠቀስኩ። በጽሑፍ ለመከልከል የደፈረ አልተገኘም። ብዙ ከተመላለስን በኋላ አንድም ቃል ሳይወጣ ማህተሙ ተመታ።

የእኔ ምክር፦ ሙሉ ስክሪፕት አምጡ ቢሏችሁም አትቸኩሉ። የቦታና የቀን ዝርዝር ከአንድ ገጽ ጭምቅ ሐሳብ ጋር አስገቡ። እናንተ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር አስጽፉ። ቃል አውጡ ካሏችሁ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ማመልከቻውንም ክረምቱ ሳይወጣ አስገቡ። እኛ ፈቃዱን ስናገኝ ቡናው ተለቅሞ አልቆ ነበር። ወንድምየው በቀን ሥራ ቡና የሚለቅምበትን ትዕይንት ሳንቀርጸው ቀረን።