ጥላ ውስጥ ያለ ሰማያዊ፦ በመልክዓ ምድር ፎቶ ከለር ካስት እንዴት እንዳስተካከልኩ

ፀሐይ የተራራውን ጫፍ ነክታ ሸለቆው ገና ጥላ ውስጥ እያለ ያነሳሁት ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የታችኛው ግማሽ ሰማያዊ ነበር፤ እንዲህ ፎቶውን የሚሸፍን ያልተፈለገ ቀለም ከለር ካስት ይባላል። ካሜራው አልተሳሳተም። ጥላ ያለበት መሬት ብርሃን የሚያገኘው ከፀሐይ ሳይሆን ከሰማዩ ነው፤ ዓይናችን ስለሚላመደው ግን ቦታው ላይ ሆነን ልብ አንለውም። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፦ ቀጥተኛ የቀን ፀሐይ ወደ 5500 ኬልቪን ሲሆን ጥላ ከ7000 እስከ 8000 ይገባል። አንድ ፍሬም ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ስላለ አንድ የዋይት ባላንስ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለው ቅንብር) ቁጥር ሁለቱን አያስታርቅም።

ሥራውን የጀመርኩት በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር ባስቀመጠው ጥሬ መረጃ ነው። ጄፔግ ላይ ዋይት ባላንሱ ቀድሞ ተወስኗል፣ በየቻነሉ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ) ያለው ደረጃም 256 ብቻ ነው፤ ሰማያዊውን ጠንከር አድርጎ መቀነስ ሰማዩን በመስመር በመስመር ይከፋፍለዋል። ሞኒተሩም 6500 ኬልቪን እና ጋማ (መካከለኛ ብርሃኖች ምን ያህል እንደሚደምቁ የሚወስነው) 2.2 ላይ ካልተስተካከለ የሚታረመው የፎቶው ስህተት ይሁን የስክሪኑ አይታወቅም።

ከዚያ ዓይኔን ትቼ ቁጥር አነበብኩ። አይድሮፐሩን (የተነካውን ቦታ ቀለም በቁጥር የሚያነበውን መሣሪያ) ከአንድ ፒክሰል ወደ 5 በ5 አማካይ ቀየርኩና ግራጫ መሆኑን የማውቀውን ድንጋይ ለካሁ። ግራጫ ነገር ላይ ሦስቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ጥላ ውስጥ ያለው ቀይ 92፣ አረንጓዴ 98፣ ሰማያዊ 121 አነበበ። ፀሐይ ያገኘው ድንጋይ ደግሞ 171፣ 160፣ 141። ሁለተኛው የማለዳ ሙቀት ስለሆነ አልነካሁትም፤ እሱን ግራጫ ማድረግ ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት መሰረዝ ነው።

ስለዚህ ዋይት ባላንሱን ለፀሐዩ ክፍል 5500 ላይ ተውኩትና ፎቶሾፕ ውስጥ ለጥላው ብቻ የከርቭስ ሌየር (ዋናውን ፎቶ ሳይነካ የየቻነሉን ደረጃ በከርቭ የሚያስተካክል ንብርብር) ጨመርኩ። ሰማያዊ ቻነል ላይ 121ን ወደ 106 አወረድኩ፣ ቀይ ላይ 92ን ወደ 96 አነሳሁ። ብሩህ ቦታዎች ቢጫ እንዳይሆኑ በሰማያዊው ከርቭ 190 ላይ ሌላ ነጥብ አስቀምጬ እዚያው አሰርኩት። የሌየሩን ሞድ ወደ ከለር መቀየር የብርሃኑን መጠን ሳይነካ ቀለሙን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ሰማያዊውን እስከ 98 ያላወረድኩት ሆን ብዬ ነው፦ ፍጹም ግራጫ የሆነ ጥላ አመድ ይመስላል። በረዶ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ትንሽ ሰማያዊ ካልቀረለት የቆሸሸ ይመስላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማስኩ፣ ማለትም ሌየሩ የትኛውን የፎቶ ክፍል እንደሚነካ የሚወስነው ነው። በብርሃን መጠን የተመረጠ ማስክ ጠቆር ያለውን ሰማይም አብሮ ይይዛል፤ በተራራው ጠርዝ ላይ ቢጫ ቅርፊት ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ሰማዩን ለስላሳ ጠርዝ ባለው ጥቁር ብሩሽ ከማስኩ አወጣሁት።

ጫካ ሌላ ጉዳይ ነው። ብርሃኑ በቅጠል ውስጥ ስለሚያልፍ ካስቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ የዋይት ባላንሱ ቴምፕሬቸር ደግሞ የሚሠራው በሰማያዊና በቢጫ መካከል ብቻ ነው። መፍትሔው ቲንቱን (በአረንጓዴና በማጀንታ መካከል የሚሠራውን) በጥቂቱ ወደ ማጀንታ፣ ማለትም ሐምራዊ መሰል ሮዝ መግፋት ነው፤ ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ ከ8 እስከ 12 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃኛል። አውቶማቲክ ማስተካከያን እዚህ አላምነውም፦ የፎቶው አማካይ ቀለም ግራጫ ነው ብሎ የሚነሳ ስሌት ቅጠል የሞላውን ፍሬም ሲያይ ማጀንታ ያበዛል፣ ግንዱም ሐምራዊ ይሆናል። በተመሳሳይ ምክንያት ጀምበር ስትጠልቅ ደመና ላይ አይድሮፐር አይነካም፤ ደመናው በዚያ ሰዓት ነጭ አይደለም።

ጥቁር ኤንዲ ፊልተር (ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) የሚያመጣው ካስት ከሁሉም ይቀላል፣ ፍሬሙን በሙሉ ስለሚይዝ። ፊልተሩን ከማድረጌ በፊት አንድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ኋላ አንድ ድንጋይ በሁለቱም ላይ ለክቼ ቁጥሮቹን አመሳስላለሁ።

ኮንትራስትና ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) የምነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀድመው ከገቡ ካስቱንም አብረው ያጎሉታል፤ በጥላው ድንጋይ ላይ ሰማያዊው ከአረንጓዴው በ23 የሚበልጥበት ልዩነት ይሰፋል፣ ማስኩም የባሰ ይታያል። ስጨርስ ከስክሪኑ ለ10 ደቂቃ እርቃለሁ፣ ምክንያቱም ዓይን ስህተቱንም ይለምደዋል። ስመለስ መጀመሪያ የማየው ያንኑ ጥላ ውስጥ ያለ ድንጋይ ነው።