በሦስት ቁልፍ የታሰረው ስኮርታ

የሚኒባስ ስኮርታ፣ ያ ትርፍ ጎማ፣ ለሌባ የተመቸ ነው። ጎማው የሚንጠለጠለው ከኋላ በኩል፣ መኪናው ሆድ ሥር ነው። የሚይዘው አንድ ቀጭን ሰንሰለት ነው። ፓራውልቱ አካባቢ ባለች ቀዳዳ የክሪኩን ዘንግ አስገብተህ ስታዞር ሰንሰለቱ ይላላና ጎማው መሬት ላይ ቁጭ ይላል። መስታወት አይሰበርም፣ በር አይፈለቀቅም፣ አላርም አይጮህም። መሐንዲሶቹ የባለቤቱ ልብስ እንዳይቆሽሽ ብለው ያሰቡት ነገር የሌባውንም ልብስ ከቆሻሻ አድኖታል።

ክፋቱ ደግሞ መሰረቁ በዕለቱ አይታወቅም። ስፖኪዮ ሲነቀልብህ ጠዋት ገና ከደረጃ ስትወርድ ታየዋለህ። ትሳደባለህ፣ ትከፍላለህ፣ ያልቃል። የስኮርታውን የምታውቀው ግን ጎማ የተነፈሰብህ ቀን ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ግቢው ሁሉ "ጋሼ" ይላቸዋል። ስኮርታቸው ጠፍቶ ፖሊስ ጋ ቢሄዱ "መቼ ነው የተሰረቀው?" ተባሉ። "ከመስቀል ወዲህ፣ ከፋሲካ በፊት" አሉ። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ጋሼ ተስፋ ቆርጠው ሶማሌ ተራ ወረዱና ያገለገለ ጎማ ጠየቁ። ሻጩ አንዱን እያንከባለለ አመጣላቸው። ቸርኬውን ገልበጥ ሲያደርጉት በገዛ እጃቸው የቀቡት ሰማያዊ ቀለም አለ። ምን አደረጉ? ተከራክረው ዋጋ አስቀነሱ። እስከ ዛሬ ሲያወሩት እንደ ድል ነው የሚያወሩት።

ይህን ሁሉ የሰማነው እኛ ሚኒባስ ከገዛን በኋላ ነው። የገዛነው ለታክሲ አይደለም። የባለቤቴ ወንድም ጀርመን ነው የሚኖረው፤ እዚያ ካምፐር የሚባል መኪና አለው። ውስጡ ይተኛል፣ ውስጡ ያበስላል፣ ሐይቅ ዳር ያቆምና ፎቶ ይልክልናል። ባለቤቴ ፎቶውን አይታ "እኛስ ምን ይጎድለናል?" አለች። የሚጎድለንን መዘርዘር ስጀምር ፍራሹን አዝዛ ነበር። የመሃል ወንበሮቹ ወጡ፣ መጋረጃ ተሰፋ፣ ቡታጋዙ ጥግ ላይ ታሰረ፣ ለጀበናው የራሱ መደርደሪያ ተሠራለት። ከምንኖርበት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም እሷ ሳትሻል አትቀርም። ግቢው ውስጥ "ቪላዋ" ተባለች።

አንድ ነገር ቪላ ከተባለ ሌባም መስማቱ አይቀርም። ስለዚህ ስለ ስኮርታው የቤተሰብ ስብሰባ ተጠራ። ጋሼም በክብር እንግድነት ተገኙ።

ጋሼ "ወፍራም ሰንሰለትና ጓጉንቸር" አሉ። ባለቤቴ "ቤት ይግባ፤ ጨርቅ እናለብሰውና የቡና ጠረጴዛ ይሆናል" አለች። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ጎማ ካስገባን እኔ የት እንደምቀመጥ ጠየቅኩ። "እላዩ ላይ" አለች። አማቴ ሻያቸውን ፉት እያሉ ጸበል ይረጭበት አሉ። ከሁሉም ሐሳብ ርካሹ ይኼ ነበር። የባለቤቴ ወንድም በስልክ ገብቶ የሱ ካምፐር ጭራሽ ስኮርታ እንደሌለው ነገረን። በሱ ምትክ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ በጠርሙስና ትንሽ የአየር መሙያ ነው የሰጡት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለልጁ ከልባቸው አዘኑለት።

በመጨረሻ ከቡና ጠረጴዛው በቀር ሁሉም ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ። ጓጉንቸር ያለው ሰንሰለት ተገዛ። የዘንጉ ማስገቢያ ቀዳዳ ቁልፍ ባለው የብረት ክዳን ተዘጋ። በያጁ ደግሞ ጎማውን ከሥር የሚያቅፍ ብረት በየደና ሻንሲው ላይ በብሎን አሰረው። የባለቤቴ ወንድም ለገና ሲመጣ ለዚያ ብሎን የሚሆን ቁልፍ ያለው ዳዶ ከጀርመን ይዞ መጣ። ይህ ዳዶ ተራ መፍቻ አይቀበልም። ጭንቅላቱ የአበባ ቅርጽ አለው። የሚፈታው አብራው በምትሸጥ፣ የቆርኪ ያህል በሆነች ማስማሚያ ብቻ ነው። ጸበሉም ተረጨ።

የግቢው ዘበኛ ተንበርክከው ሥራውን አዩና "ይሄን ከሚፈታ መኪናውን ነድቶት ቢሄድ ይቀለዋል" አሉ። ለምስጋና ወሰድነው።

ቀጥሎ ክርክሩ ወደ ማስማሚያዋ ዞረ። የት ትቀመጥ? የባለቤቴ ወንድም "መኪናው ኪስ ውስጥ ነዋ፤ እኛ ጋ ሁሉም እዚያ ነው የሚያስቀምጠው" አለ። ሁላችንም ተያየን። ጀርመን! አማቴ "ወዲህ በሏት" አሉና ተቀብለው መሐረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። የእድር ገንዘብ ያለው እዚያ ቋጠሮ ውስጥ ነው። ከዚያ ቋጠሮ ያለ እሳቸው ፈቃድ የወጣ ነገር የለም። የዓለም ባንክ ቢመጣ አይፈታውም።

ጥምቀት እንዳለፈ ላንጋኖ ለመሄድ ተነሳን። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለቪላዋ የመጀመሪያ ረጅም ጉዞዋ ነው። አማቴ ሞጆ እህታቸው ጋ ሊሰነብቱ አብረውን ተሳፈሩ። ሞጆ ቡና ተፈላ፣ ምርቃቱ ወረደ፣ እሳቸውን ትተን ቀጠልን። እንግዳችን የቆቃን ሐይቅ ማየት ስለፈለገ በአሮጌው መንገድ ሄድን። አዋሽን ገድበው የሠሩት ሐይቅ ነው ብዬ ማስረዳት ስጀምር ከኋላ ጧ! አለ።

የቀኝ የኋላ ጎማ ነው። የባለቤቴ ወንድም ዘሎ ወርዶ የሚያንጸባርቅ ሰደርያና ባለሦስት ማዕዘን ምልክት መፈለግ ጀመረ። ፈልጎ ሳይጨርስ የአካባቢው ልጆች ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ድንጋይ ደርድረው፣ መንገዱን አጥረው፣ "ጋሼ፣ ጎማ እናውልቅ?" እያሉን ነበር።

እኔ በኩራት ቁልፎቼን አወጣሁ። ክዳኑ ተከፈተ። ጓጉንቸሩ ጭቃ ጠጥቶ አልከፈት አለ፤ ባለቤቴ ከቪላዋ ማዕድ ቤት ዘይት አመጣችና ጠብ ስናደርግበት እሺ አለ። ከዚያ መኪናው ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁና እጄን ዘረጋሁ።

"ማስማሚያዋን አቀብሉኝ" አልኩ።

ማንም አላቀበለኝም። ከሥር ሆኜ የማየው እግር ብቻ ነው። እግሮቹ እርስ በርስ ሲዞሩ አየሁ።

"እማዬ ጋ ናት" አለች ባለቤቴ።

ደወልን። የአማቴ ስልክ ከጀበናው መደርደሪያ ላይ ጮኸ። ጥለውት ወርደዋል። ከራሳቸው ስልክ የእህታቸውን ቁጥር ፈልገን ደወልን። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አማቴ በስልክ ስለሚያጭበረብሩ ሰዎች ብዙ ሰምተዋል። እኛ ራሳችን ነን "ስልክ ደውሎ ማንም ምንም ቢልዎ እንዳያምኑ" እያልን የመከርናቸው።

"እማማ፣ መሐረብዎ ላይ የቋጠሯት ብረት ታስፈልገናለች" አልኳቸው።

"የቋጠርኩትን ማን ነገረህ?"

"እኔ ነኝ እኮ እማማ፣ አማችዎ!"

"አማቼ ከሆንክ የሠርጋችሁ ቀን ምን ሆነ?"

የሠርጋችን ቀን ቀለበቱን ቤት ረስቼው ነበር። ስፒከሩ ክፍት ነው። ልጆቹ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ አንድ በግ የሚነዳ ሰውዬ፣ ሁሉም ቆመው ይሰማሉ። ተናገርኩ። "እሱ ነው" አሉ አማቴ ለእህታቸው፣ "እንዲህ ያለውን ከሱ ሌላ ማንም አይረሳም።" በባጃጅ እንደሚልኩልን ቃል ገቡ።

ቁጭ ብለን ስንጠብቅ አንድ ሲኖትራክ አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ሆኖ ሰላምታ ሰጠን፤ ረዳቱ ወረደ። ቀጠን ያለ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ ነው። መኪናው ሥር አጎንብሶ አየ።

"ባንክ ነው እንዴ ያሠራችሁት?" አለ።

የባለቤቴ ወንድም ስለ ዳዶው በዝርዝር አስረዳው። ልዩ ብረት እንደሆነ፣ ያለ ማስማሚያዋ በምንም እንደማይፈታ፣ ጀርመን ውስጥ ተፈትኖ እንዳለፈ። ረዳቱ በትህትና ሰምቶት ጨረሰ። ከዚያ ከመኪናቸው አንድ የዛገ የዳዶ መፍቻ አመጣ። ለዳዶው ትንሽ ይጠበዋል። ዳዶው ላይ ደገነና በመዶሻ ሁለቴ ነረተው። መፍቻው ነክሶ ያዘ። ዘንግ ሰክቶ ሲያዞረው እንደ ማንኛውም ዳዶ ተፈታ። እንግዳችን ማስረዳት ከወሰደበት ጊዜ ያጠረ ነበር።

"ሌቦችም እንደዚህ ነው የሚያደርጉት" አለ ረዳቱ፣ ሊያጽናናን ፈልጎ።

ስኮርታው ወረደ። ልጆቹ ጎትተው አወጡት። ጭቃውን በእግሬ ጠረግ ጠረግ ሳደርገው ከሥሩ ጥርስ የሚባል ነገር አልነበረም። መላጣ ነው። የሲኖትራኩ ሾፌር ከጋቢና ወርዶ ዞር ዞር ብሎ አየው።

"ጌታው፣ የናንተ መኪና ባለ ስንት ዳዶ ነው?"

"ባለ 6።"

"ይሄ ባለ 5 ነው።"

ቆጠርን። 5 ነው። ልጆቹም ቆጠሩ። የባለቤቴ ወንድም እንኳ ቆጠረ። የኛ መኪና ላይ ሊገባ የማይችል ጎማ ነው። ሾፌሩ ግን ገና አልጨረሰም። ጎኑን በምራቅ አርሶ ጠረገና ቁጥር አነበበ። ጎማ ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ነው የሚናገሩት። አሃዙ 3 ብቻ ከሆነ ጎማው በፈረንጆቹ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። የኛው ባለ 3 ነው። ጎማ አምራቾች ሳይነዳበት የተቀመጠውንም ቢሆን ከ10 ዓመት በላይ አትጠቀሙበት ይላሉ። "ይሄ ልጅ ቢሆን ድሮ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ነበር" አለ ሾፌሩ።

መቼ ተቀየረ? ማን ቀየረው? ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ ጎማውን አየሁት። ስንገዛው ሰውዬው ሥሩን በእጁ እያሳየ "ስኮርታዋ እንኳን አልተነካችም" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ማን ይነካታል?

ሰዎቹ ደጎች ነበሩ። የተነፈሰውን ጎማ እነሱው አውልቀው ሲኖትራኩ ላይ ጫኑት፤ እኔም ጋቢና ገባሁ። መቂ አንድ ጎሚስታ ጋ አወረዱኝና "ገንዘብ" ስላቸው ተቆጥተው ሄዱ። ጎሚስታው ጎማውን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ቀዳዳውን አገኘ፣ ለጠፈው፣ ነፋው። ምን አይነት ምስማር እንደሆነ ሊያሳየኝ ፈልጎ ነበር፤ ለማየት ሆዱ አልነበረኝም።

በባጃጅ ጎማዬን አቅፌ ስመለስ መንገዱ ዳር ሌላ ባጃጅ ቆሟል። ቡና ይሸታል። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው መላጣው ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹ ፈንዲሻ እየበሉ ከበዋቸዋል።

"በባጃጅ ይልካሉ ብለን እኮ ነበር እማማ" አልኩ።

"ለማያውቁት ሰው ቁልፍ ይሰጣል እንዴ ልጄ?" አሉ። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱና ማስማሚያዋን ከእድሩ ገንዘብ መሃል አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። "በል ፍታ።"

የተቀጠቀጠውን ዳዶ ማን ያሳያቸው? የባለቤቴ ወንድም ኪሱ ውስጥ ደብቆታል። "ተፈቷል እማዬ፣ በጸበሉ ነው" አለች ባለቤቴ። አማቴ በጣም ደስ አላቸው፤ ማስማሚያዋንም መልሰው ቋጠሯት። አሁንም እዚያው ናት።

እሳቸውንም ይዘን ላንጋኖ ስንደርስ መሽቷል። መላጣውን ጎማ መልሶ ለማሰር የተነሳ ሰው አልነበረም። ጣሪያው ላይ ወረወርነው። ሰንሰለት የለ፣ ጓጉንቸር የለ። እውነቱን ለመናገር ማታ ከመተኛታችን በፊት ባለቤቴ "የሚወስደው ባገኝ መንገድ ባሳየሁት" ብላለች።

ጠዋት ሐይቁ ያንን ቡናማ ቀለሙን ይዞ ተንጣሏል። ፊቴን ልታጠብ ስወጣ የመዝናኛው ጥበቃ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ጋሼ፣ ጎማችሁን ስጠብቅ ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት" አለ። ጉርሻ እንደፈለገ ገባኝ።

"ሌባ መጣ እንዴ?"

"መጣ እንጂ! ሁለት ሆነው መጡ። ጨለማ ውስጥ ሆኜ እያየኋቸው ነው። ጣሪያው ላይ ወጥተው አወረዱት። በባትሪ አዩት። አገላበጡት።"

"ከዚያስ?"

"መልሰው ሰቀሉት።"