ለሚፈጠር ምስል የማይለወጥ አድራሻ

የምሠራበት ሲስተም ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የማጋሪያ ምስል ያዘጋጃል፤ አንድ ሰው ሊንክ ሲልክ ከሊንኩ ጋር አብሮ ብቅ የሚለውን ማለቴ ነው። ምስሉ ዲስክ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ፋይል አይደለም። ጥያቄ ሲመጣ ሰርቨሩ ርዕሱን፣ የጸሐፊውን ፎቶና የጀርባውን ዲዛይን አንድ ላይ አድርጎ እዚያው ይሠራዋል። ለሲፒዩ ከባድ ሥራ ስለሆነ ያለ ካሽ (የተሠራውን ቅጂ ለቀጣይ ጥያቄ አስቀምጦ መያዣ) አይታሰብም። ካሹ በገባ ማግስት ግን የታወቀው ቅሬታ ይመጣል፦ «ርዕሱን አርሜዋለሁ፣ ምስሉ ግን አሁንም የድሮው ነው።»

ለዚህ ቶሎ የሚሰጠው መልስ ማክስ-ኤጅን፣ ማለትም የካሹ ቅጂ እንደ ትኩስ የሚቆጠርበትን ጊዜ፣ ማሳጠር ነው፤ 5 ደቂቃ፣ ቢበዛ 10። ለእኔ ይሄ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣው አንባቢ የተሳሳተውን ያያል፤ ከታተመ ጀምሮ ያልተነካ ጽሑፍ ምስል ደግሞ ያለ ምክንያት እንደ አዲስ ሲሠራ ይውላል። ሲዲኤኑን (በሰርቨሩና በአንባቢው መካከል ሆነው ቅጂ የሚይዙትን ሰርቨሮች) ማጽዳትም በግማሽ ነው የሚረዳው። አንዴ አንባቢው ብራውዘር ውስጥ የገባውን ቅጂ፣ ብራውዘሩ ተመልሶ እስካልጠየቀ ድረስ፣ ከሰርቨር ሆኖ የሚሰርዘው የለም።

እኔ የምከተለው ሌላ መንገድ ነው፦ የምስሉን መልክ የሚወስን ነገር ሁሉ አድራሻው ውስጥ ይግባ። ርዕሱን፣ የፎቶውን ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ፣ ይዘቱ ሲለወጥ የሚለወጥ አጭር መለያ)፣ ስፋትና ቁመቱን፣ የቴምፕሌቱን (የምስሉን ዲዛይን የያዘውን ፋይል) ቨርዥን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አሰልፋለሁ፤ ኤስኤችኤ-256 በሚባለው የሃሽ ስሌት አሳልፌ ከውጤቱ የመጀመሪያዎቹን 16 ፊደላት ዩአርኤሉ ላይ አደርጋለሁ። ርዕሱ ሲታረም ሃሹ ይለወጣል፣ ገጹም አዲሱን አድራሻ ይዞ ይወጣል። የድሮው ካሽ ውስጥ ቢቆይም ከዚያ ገጽ የሚጠይቀው አይኖርም። ያኔ ያለ ስጋት ማክስ-ኤጅን 31536000 ሰከንድ፣ ማለትም 365 ቀን ማድረግ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አርኤፍሲ 8246 በተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ የተደነገገውን ኢሚዩተብል («አይለወጥም») የሚለውን ትዕዛዝም እጨምርበታለሁ። እሱን የሚያውቅ ብራውዘር ተጠቃሚው ሪሎድ ቢያደርግ እንኳ ፋይሉ ተለውጦ እንደሆነ ለመጠየቅ አይመለስም። አድራሻውን የያዘው ኤችቲኤምኤል ግን እንዲህ መቆለፍ የለበትም። እሱ በኖ-ካሽ ይሂድ፤ ብራውዘሩ ቅጂውን ይዞ ቢቆይም ከመጠቀሙ በፊት ሰርቨሩን ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቴምፕሌቱንና ፎንቱን ነው። ርዕሱ ዳታቤዝ ውስጥ ስላለ ለውጡ ይታያል፤ ዲዛይነሯ የጀርባውን ቀለም ስትቀይር ግን ዳታቤዙ ውስጥ ምንም አልተነካም። በእጅ ከፍ የሚደረግ የቨርዥን ቁጥርን አላምነውም፣ አንድ ቀን ከፍ ሳይደረግ ይቀራል። ስለዚህ ቢልድ ሲደረግ የቴምፕሌቱና የፎንቱ ፋይሎች ራሳቸው ሃሽ ይደረጋሉ፤ ቨርዥኑም ያ ነው።

«ኢታግ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ኢታግ፣ ማለትም ሰርቨሩ ከምላሹ ጋር የሚልከው የቅጂ መለያ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ፍሬምወርኮች ኢታግን የሚያሰሉት ካለቀው ምላሽ ላይ ነው። ሰርቨሩ ምስሉን ከነሙሉ ድካሙ ሠርቶ ይጨርሳል፣ ሃሹን ያወጣል፣ ብራውዘሩ በኢፍ-ነን-ማች ሄደር መልሶ ከላከው የቀድሞ መለያ ጋር ያስተያያል፣ አንድ ሆኖ ሲያገኘው ምስሉን ጥሎ 304 («አልተለወጠም») ይመልሳል። ኔትወርኩ ተረፈ፤ ሲፒዩው አልተረፈም። ኢታጉ ከግብዓቶቹ ሃሽ ከወጣ ግን ማስተያየቱ አንድ ፒክሰል ከመሠራቱ በፊት ያልቃል።

አሁን ወደ እውነተኛው አደጋ። አዲስ ኮድ ዲፕሎይ ሲደረግ ሰርቨሮቹ በየተራ ነው የሚቀየሩት፤ ለጥቂት ጊዜ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። አዲሱ ሰርቨር ገጹን ከአዲሱ አድራሻ ጋር ሰጠ እንበል። ብራውዘሩ ምስሉን ሲጠይቅ ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር ጥያቄውን ወደ አሮጌው ሰርቨር ይመራዋል። አሮጌው ሃሹን ከቁብ ሳይቆጥር የጽሑፉን መለያ ብቻ አይቶ በድሮው ቴምፕሌት ይሠራና «ለ365 ቀን ያዙት» ብሎ ይልካል። ሲዲኤኑም እንደታዘዘው ይይዘዋል። በአዲሱ አድራሻ ላይ የድሮው ምስል ተተከለ ማለት ነው፤ ሁሉም ሰርቨር ታድሶ ካለቀ በኋላም እዚያው ይቆያል። ሎግ ላይ የሚታየው 200 («ተሳክቷል») ብቻ ስለሆነ ፈልጎ ማግኘቱ ያደክማል።

መድኃኒቱ ሰርቨሩ ሃሹን ራሱ እንደገና አስልቶ አድራሻው ላይ ካለው ጋር እንዲያስተያይ ማድረግ ነው። ከተስማሙ የዓመቱ ሄደር (ከምላሹ ጋር የሚሄደው የካሽ ትዕዛዝ) ይውጣ። ካልተስማሙ ምስሉን መስጠት ይችላል፣ ግን በኖ-ስቶር፤ ማንም እንዳያስቀምጠው። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፈው ኮድ ሁሉ ዋጋ ያለው ይሄ ነው፤ ቴስቱንም ማንም እንዲያጠፋው አልፈቅድም።

ስህተትም በዚሁ በር ይገባል። የጸሐፊው ፎቶ በጊዜው ሳይመጣ ሲቀር ባዶ ክብ ስሎ 200 የሚመልስ ኮድ ብዙ ነው። ያ ባዶ ክብ ረጅሙን ሄደር ይዞ ከወጣ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። ምትክ ምስል ሲላክ ሄደሩም ምትክ ይሁን፣ ረጅሙ አይውጣ።

መጠኑን ጠያቂው እንዲመርጥ ከተተወ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ስፋት 300፣ 301፣ 302 እያለ የሚጠይቅ ስክሪፕት ለእያንዳንዱ አዲስ ምስል ያሠራል፤ ካሹም በማይረባ ነገር ይሞላል። የተፈቀዱ መጠኖችን መወሰን፣ ወይም አድራሻውን በኤችማክ (ሰርቨሩ በሚያውቀው ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚሠራ ፊርማ) ፈርሞ ያልተፈረመውን አለመቀበል ይህን ይዘጋዋል። የፓራሜትሮቹ ቅደም ተከተልም አንድ ይሁን፤ ስፋቱ ቀድሞ የተጻፈበትና ቁመቱ ቀድሞ የተጻፈበት ዩአርኤል ለብዙ ካሽ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው።

ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የሚወጣ ነገር፣ ለምሳሌ የግል ሪፖርት፣ ፐብሊክ (የጋራ ካሽ ሊይዘው የሚችል) አይባልም። ፕራይቬት (በተጠቃሚው ብራውዘር ብቻ የሚያዝ) ወይም ኖ-ስቶር ይሁን፤ ሌላው ቀርቶ አድራሻው በሃሽ ቢደበቅም።

ሁሉም ከተሠራ በኋላ በከርል (ከትእዛዝ መስመር ጥያቄ በሚልክ መሣሪያ) ሄደሮቹን ብቻ ጠይቄ አያለሁ። ያንኑ ዩአርኤል ደጋግሜ ስጠይቅ የኤጅ ሄደር ቁጥር (ቅጂው ካሽ ውስጥ የቆየበት ሰከንድ) እየጨመረ ከሄደ ምስሉ የሚመጣው ከሲዲኤኑ ነው። ኤጅ ከሌለ ወይም ዜሮ ላይ ከቆመ መጀመሪያ የማየው ሴት-ኩኪን ነው፤ ብዙ ካሾች ኩኪ የያዘ ምላሽ አያስቀምጡም፣ አንዳንድ ፍሬምወርክ ደግሞ ምስሉም ላይ የሴሽን ኩኪ ይለጥፋል።