ያቺ የመጨረሻዋ ማንኪያ

ሳህኑ ላይ አንድ ማንኪያ ምግብ ቀርታለች። ሕፃኑ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን አዙሯል። «እቺን ብቻ!» ይባላል፤ አሻንጉሊት ይንጫጫል፣ ስልክ ይከፈታል፣ አፉ ሳያስበው ሲከፈት ማንኪያዋ ሹልክ ትላለች። በካሎሪ ከታሰበች ኢምንት ናት። ነገር ግን በቀን አራት ጊዜ፣ በዓመት ከሺህ ጊዜ በላይ ስትደጋገም ልጁ መብላት የሚቆመው ሆድ ሲሞላ ሳይሆን ሳህን ባዶ ሲሆን ነው ብሎ ይማርባታል።

ጤነኛ ሕፃን ልኩን የማወቅ ችሎታ ይዞ ይወለዳል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉት በኋላ ወተቱ ቀጠን ሲልበት ብዙ ይጠጣል፣ ወፈር ሲልበት ይቀንሳል። (ቤት ውስጥ እየበረዛችሁ እንዳትሞክሩት፤ የተበረዘ ወተት ጨቅላን ለከባድ ሕመም ይዳርጋል።) ስለ ልጆች ውፍረት የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ምን ይብሉ በሚለው ላይ ያተኩራል። በእኔ እምነት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀዳሚው ሥራ ይህን ችሎታ አለማበላሸት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥጋብን ሳያስነቁ የሚያልፉትን ነገሮች ማወቅ ነው፤ እነሱም ጡጦ፣ ጣፋጭ መጠጥና የበዛ ወተት ናቸው።

ከዚያ በፊት ስለ ልኬት። ዓይን ያታልላል። የሕፃን ገላ እስከ ዘጠነኛው ወር አካባቢ ስብ እያጠራቀመ ይሄዳል፤ ከዚያ እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ድረስ እየቀጠነ ይመጣል። ስለዚህ የስምንት ወር ሕፃን ጭኑ መደራረቡም፣ የአራት ዓመት ልጅ የጎድን አጥንቱ መታየቱም ብዙ ጊዜ የዕድሜያቸው መልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእድገት መለኪያ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ይነጻጸራል። በሰንጠረዡ ላይ መካከለኛው መስመር 0 ነው፤ ከ+2 መስመር በላይ ከሆነ ክብደቱ ከመጠን አልፏል፣ ከ+3 በላይ ከሆነ ውፍረት ይባላል። አንድ ነጥብ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም፤ በተከታታይ ልኬቶች መስመር እያቋረጠ ወደ ላይ የሚወጣው ልጅ ነው ትኩረት የሚፈልገው።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ልጁን ከነልብሱና ከረጠበ ዳይፐሩ ጋር መመዘን ነው። ሁለተኛው ቁመት ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በጀርባው ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል። ያው ልጅ ቆሞ ሲለካ 0.7 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ይገኛል። አለካኩና ሰንጠረዡ ካልተጣጣሙ ልጁ በወረቀት ላይ ብቻ ይወፍራል ወይም ይከሳል።

ወደ ጡጦ እንምጣ። ጡት የሚጠባ ልጅ ምን ያህል እንደጠጣ ማንም አያይም፤ ሲበቃው ይተዋል፣ ነገሩ ያበቃል። ጡጦ ግን ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቁጥር ያየ ሰው ደግሞ ማስጨረስ ያምረዋል። በጡጦ መመገብ የግድ ከሆነ ልጁን ቀና አድርጋችሁ ያዙት፣ ጡጦውን ወተቱ ጫፉን እስኪሞላ ድረስ ብቻ አዘንብሉት፣ በየጥቂት ደቂቃው ዝቅ አድርጋችሁ ትንፋሽ ይውሰድ። ጫፉ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ይሁን፤ ፈጥኖ የሚፈስ ከሆነ የጥጋብ ስሜት ከመድረሱ በፊት ጡጦው ያልቃል። መጥባቱን ማዘግየት፣ ጭንቅላትን ማዞር፣ የተጨበጠ እጅን መፍታት፣ እንቅልፍ መጀመር «በቃኝ» ማለት ነው። የተረፈውን ድፉት። መመገብ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ያለፈው የዱቄት ወተት ለቀጣዩ አይቀመጥም።

አበጃጀቱም ያወፍራል። በአብዛኞቹ የዱቄት ወተቶች መጀመሪያ ውሃው ይለካል፣ ከዚያ ዱቄቱ በራሱ መስፈሪያ ሳይጠቀጠቅ፣ አፉ በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ይጨመራል። ተጠቅጥቆ ወይም ተቆልሎ የሚሰፈር ማንኪያ በየጡጦው ጥቂት ጥቂት ካሎሪ ይጨምራል። «እንቅልፍ ይዞት እንዲያድር» ተብሎ ጡጦ ውስጥ የሚጨመር የእህል ዱቄትም እንዲሁ ነው፤ ትን ሊለው ይችላል፣ እንቅልፉንም አያረዝምም። ለቅሶ ሁሉ ረሃብ አይደለም። ረሃብ ከለቅሶ በፊት ይታያል፦ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ጭንቅላቱን እያዞረ ይፈልጋል። ይህ ሳይኖር ካለቀሰ መጀመሪያ ዳይፐሩን እዩ፣ እቀፉት፣ እንቅልፍ እንደሆነ ሞክሩ። ማባበያችን ሁሌ ወተት ከሆነ ልጁ ሲከፋው መብላትን ይለምዳል።

ስድስት ወር ሲሞላ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል። በዚያን ጊዜ ልጁ ጭንቅላቱን ያጸናል፣ በድጋፍ ይቀመጣል፣ የቀረበለትንም በምላሱ ወደ ውጭ መግፋቱን ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጡት ለሚጠባ ልጅ የሚያስቀምጠው መነሻ ይህን ይመስላል። ከ6 እስከ 8 ወር በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ ይደርሳል (ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር ነው)፤ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ። ከ9 እስከ 11 ወር ግማሽ ኩባያ፣ ከ3 እስከ 4 ጊዜ። ከ12 እስከ 23 ወር ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ኩባያ፣ ከ3 እስከ 4 ጊዜ፤ ካስፈለገ አንድ ወይም ሁለት መክሰስ ይታከላል። ከወተቱ ውጭ ከምግብ የሚፈለገው ጉልበት በቀን 200፣ ከዚያ 300፣ በሁለተኛው ዓመት 550 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። እነዚህ የሚቀርቡ መጠኖች ናቸው፤ ልጁ የማስጨረስ ግዴታ የለበትም።

ምግቡ ማንኪያው ሲዘነበል ወዲያው የማይፈስ፣ ወፈር ያለ ይሁን። ልጁ ሲወለድ በገላው ይዞት የመጣው ብረት ከስድስት ወር በኋላ ስለሚያልቅ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላ ገና ከጅምሩ ይግቡ። እንቁላልና የለውዝ ቅቤ (ተቀጥኖ) ማዘግየት ከአለርጂ አያድንም፤ ከባድ ሽፍታ ወይም የታወቀ አለርጂ ያለበት ልጅ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ማር ከአንድ ዓመት በፊት በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ ያመጣል። እስከ አራት ዓመት ድረስ ድፍን ወይን ፍሬ፣ ድፍን ለውዝ፣ ፈንዲሻና ጥሬ ካሮት ያንቃሉ፤ ወይኑን ወደ ቁመቱ ለአራት ክፈሉት፣ ካሮቱን ቀቅሉት።

አዲስ አትክልት ቀምሶ ፊቱን ያኮማተረ ልጅ «አልወድም» ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ጣዕሙ አዲስ ሆኖበት ነው። አንድን ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙ ቤት ግን በሦስተኛው ቀን ተስፋ ይቆርጣል፤ አትክልቱ ከሙዝ ጋር ይፈጫል፣ ልጁም ሙዝ ይማራል። አትክልቱን ለብቻው፣ በትንሹ፣ ልጁ ሲርበው አቅርቡለት። ካልፈለገ ያለ ክርክር አንሱትና ከቀናት በኋላ መልሱት። በከረጢት ታሽጎ የሚመጠጠው የተፈጨ ፍራፍሬ ለመንገድ ይመቻል፤ ለየቀኑ ግን አይሆንም፣ ልጁ ሳያኝክና ሳያይ ጣፋጭ ብቻ ይውጣል።

መጠጥ ላይ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል፤ ትልቁ ለውጥ በትንሹ ድካም የሚገኘው እዚያ ነው። ፈሳሽ እንደ ጠጣር ምግብ አያጠግብም፤ ካሎሪው ተጠጥቶም ምሳ እንደ ወትሮው ይበላል። 200 ሚሊ ሊትር የፖም ጭማቂ 20 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ይህ 5 የሻይ ማንኪያ ነው። ስኳር ያልተጨመረበት ንጹሕ ጭማቂ ቢሆንም ቁጥሩ ያው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከአንድ ዓመት በታች ጭማቂ ጨርሶ አይሰጥም፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት በቀን ቢበዛ 120 ሚሊ ሊትር ነው። ፍሬውን መስጠት ከሁሉ ይሻላል። ከሁለት ዓመት በታች የተጨመረ ስኳር አያስፈልግም። ጥቅል ላይ «ስኳር» የሚል ቃል ባይኖርም ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮስ፣ ማልቶዴክስትሪን፣ የፍራፍሬ ኮንሰንትሬት የሚሉት ያው ቤተሰብ ናቸው። ለታዳጊ ተብሎ የሚሸጠው ልዩ የዱቄት ወተትም ለጤነኛ ልጅ አያስፈልገውም፤ ብዙዎቹ ይጣፍጣሉ።

ከአንድ ዓመት በኋላ የላም ወተት ሙሉ ስቡ ሳይወጣ ይሰጣል፤ በቀን 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ከዚያ እጅግ ካለፈ ሁለት ነገር ይከተላል፦ ልጁ በወተት ጠግቦ ምግብ ይተዋል፣ የብረት እጥረትም ይመጣበታል። ገርጥቶ፣ ምግብ እምቢ እያለ፣ በክብደት ግን የሚጨምር ልጅ ስታዩ መጀመሪያ ጡጦውን ቁጠሩ። ስድስት ወር ላይ ኩባያ አለማምዱት፣ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ጡጦውን ጨርሳችሁ አስተዉት። የመኝታው ጡጦ መጨረሻ ይውጣ፤ እስከዚያው በየሁለት ሌሊቱ 30 ሚሊ ሊትር ቀንሱለት። ወተቱን በውሃ መቅጠን አያስፈልግም። ለጥሙ ከስድስት ወር በኋላ ንጹሕ ውሃ አለ።

በሁለተኛው ዓመት የብዙ ወላጅ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ይመጣል፤ ልጁ መብላት ይቀንሳል። ስሌቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ዓመት የልደት ክብደቱን ሦስት እጥፍ አድርጓል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ሁለት ተኩል ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። እድገቱ ሲዘገይ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ያቺ የመጨረሻዋ ማንኪያ በብዛት የምትወለደው በዚህ ድንጋጤ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኤሊን ሳተር ያስቀመጠችው የሥራ ክፍፍል እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ምን፣ መቼ፣ የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን የሚወስነው ልጁ ነው። ክፍፍሉ የሚፈርሰው በሁለቱም በኩል ነው፤ ወላጅ ሲያስገድድም፣ ልጁ በጠየቀ ቁጥር ብስኩት ሲሰጠውም።

በተግባር፣ በምግብና በመክሰስ መካከል ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይለፍ፣ በመሃል ውሃ ብቻ። ገበታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ከየምግቡ በዓመቱ ልክ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቅርቡ፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ማለት ነው፣ ከፈለገ ይደገማል። «አትክልትህን ከጨረስክ ከረሜላ» የሚለው ውል አትክልቱን ቅጣት፣ ከረሜላውን ሽልማት ያደርገዋል። ስልክ እያየ የሚበላ ልጅም ጥጋቡ ሲመጣ አያስተውለውም።

እንቅልፍ ያነሰው ልጅ ለውፍረት የበለጠ የተጋለጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት በድምሩ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ይተኛ፣ ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል። አንድ ዓመት ላይ ስክሪን የለም፤ ሁለት ዓመት ላይ ከአንድ ሰዓት አይለፍ።

ልጁ አስቀድሞ ከመስመሩ በላይ ከሆነስ? አታስርቡት፣ ከሁለት ዓመት በታችም ስብ አትቀንሱበት፤ አንጎሉ ይፈልገዋል። በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ግቡ ክብደቱ ረግቶ ወይም በዝግታ ጨምሮ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። መጀመሪያ ጣፋጩ መጠጥ ይቁም፣ ቀጥሎ የሌሊት ጡጦ፣ ቀጥሎ በየመሃሉ የሚቀመሰው። ለእሱ ብቻ የተለየ ሳህን አይኑር፤ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚበላውን ይብላ፣ ስለ ገላውም ፊቱ አይወራ። ልጁን የሚጠብቁት ሰዎች ብዙ ከሆኑ የሰጡትን የሚጽፉበት ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። ሁሉም «እኔ አንድ ብቻ ነው የሰጠሁት» ይላል፣ እውነቱንም ነው፤ ድምሩ ግን አራት ይሆናል።

ምግብ ብቻ ያወፈረው ልጅ ብዙ ጊዜ ከእኩዮቹ ረዘም ይላል። እየወፈረ ቁመቱ የቆመበት ልጅ ግን የታይሮይድና የሌሎች ሆርሞኖች ምርመራ ያስፈልገዋል። ጨቅላ ሳለ ልፍስፍስና መጥባት የሚያቅተው ሆኖ በኋላ ረሃቡ የማይቆርጥ ልጅ ፕራደር ዊሊ ለሚባለው የዘረመል ሕመም ይመረመራል። እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል፣ ወይም የአንገቱ ቆዳ ጠቁሮ የወፈረ ልጅም ቀጣዩን የክትትል ቀን ሳይጠብቅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።