«አገጬ ላይ»

ኃላፊያችን የጠየቁኝ አጭር ነገር ነበር፦ «የሩብ ዓመቱ ሪፖርት የት ደረሰ?» እኔም ሳላቅማማ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «አገጬ ላይ» ብዬ መለስኩ።

የደረሰችው የላብ ጠብታዬ ነበረች። ክፍሉን ታውቁታላችሁ፤ የማይከፈት መስኮት፣ ፊት ለፊት የምትገባ የከሰዓት ፀሐይ፣ ከወንበሩ የሚበልጥ ሰው። ጠብታዋ ከፀጉሬ ሥር የተነሣችው የበጀቱ ንባብ ሲጀመር ነው። ግንባሬን በዝግታ ወርዳ ቅንድቤ ጋ ስትደርስ ቆመች። የቆመችው ጓደኞቿን ለመጠበቅ እንደነበረ የገባኝ ወፈር ብላ ጉዞዋን ስትቀጥል ነው። በጆሮዬ በኩል ትሄዳለች ስል በአፍንጫዬ ጎን ታጥፋ ጉንጬ ላይ ብቅ አለች። መሐረብ እንዳላወጣ አንባቢው ዓይኑን የተከለው እኔ ላይ ነው፤ በጀት ሲነበብ ጉንጩን የሚጠርግ ሰው ደግሞ ያለቀሰ ይመስላል። ስለዚህ ያለኝን አእምሮ በሙሉ እርሷን ለመከታተል መደብኩ። እንዲህ ያለ ትኩረት በትምህርት ቤት ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጠያቂው እኔ ነበርኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊያችን ብቻ አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው አገጬን ትንሽ ከተመለከቱ በኋላ፣ «እግርህ ላይ ሲደርስ አሳውቀን» ብለው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጠበቃ ፍለጋ ወደ ሳይንስ ዞርኩ። ሰውነት ውስጡን በ37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ያልበዋል። ላብ የሚያቀዘቅዘው ግን ሲተን ነው፤ አየር በታፈነበት ክፍል መትነኑ ይከብደዋል። በሌላ አነጋገር ያቺ ጠብታ ግንባሬ ላይ ተንና መቅረት ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ2016 ቦስተን ላይ ሙቀት በበረታ ጊዜ ደግሞ ማቀዝቀዣ በሌለው ማደሪያ የነበሩ ተማሪዎች ማቀዝቀዣ ካላቸው ይልቅ ለፈተና ጥያቄዎች በ13 በመቶ ገደማ ዘግይተው መልሰዋል። እነርሱ ዘገዩ እንጂ ስለ አገጫቸው አላወሩም፤ ይህን ለጠበቃዬ አልነገርኩትም።

የሚያበሽቀው ክፍሉ ማቀዝቀዣ ያለው መሆኑ ነው። ሪሞቱ ያለው የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባችን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከሹራባቸው ኪስ አይወጣም። «ብርድ ይመታኛል» ይላሉ። እንዳልሟገታቸው እርሳቸውም ጥናት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የበርሊን ሙከራ ክፍሉ ሞቅ ባለ ቁጥር ሴቶች የሒሳብ ጥያቄ የተሻለ እንደሠሩ አሳይቷል። እውነትም ያን ዕለት የበጀቱን የመደመር ስሕተት ከነገጹ ያገኙት እርሳቸው ናቸው።

በአንጻሩ የኮምፒውተሮቹ ክፍል ሌትም ቀንም ይቀዘቅዛል። ሰው የሌለበት ክፍል! ለነገሩ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ የነደፈው ለብሩክሊን ማተሚያ ቤት ነው፤ እርጥበት ወረቀቱን እየለጠጠ ቀለሙን ስላዛባው። ከመነሻውም የታሰበው ለወረቀት ነው እንጂ ለሠራተኛ አይደለም። መሥሪያ ቤታችን ይህን ታሪካዊ አደራ ጠብቆ ይዟል።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ተሰራጨ። ተራ ቁጥር 4፦ «የሩብ ዓመቱን ሪፖርት በተመለከተ፣ አገጭ ላይ መድረሱ ተገልጿል።» ጸሐፊያችንን እንዲያርሙልኝ ለመንኳቸው። የተፈረመበት ቃለ ጉባኤ የሚታረመው በስብሰባ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ስብሰባው ሐሙስ በስምንት ሰዓት ነው፤ እዚያው ክፍል። የማስተካከያ ሐሳቡንም በቃል የማቀርበው እኔ ነኝ።