የመጨረሻው ዙር

ነገሩ የጀመረው መብራት በጠፋ ቀን ነው። ቢሮዬ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ቆሟል። ጄኔሬተሩም ናፍጣ የለውም፤ እንደ ሁልጊዜው። እኔ ደግሞ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ስለሆነ ደረጃ ብርቄ ነው። አራተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ስድስተኛው ላይ ቁጭ አልኩ። እንደምንም ወንበሬ ጋ ስደርስ ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት። «ሃ...» አልኩ። «ሄ...» አልኩ። «ውይ በሞትኩት! ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች። የማለቅስ መስሏት ነው። ደረጃ ወጥቼ መሆኑን እስካስረዳት እሷም እንባዋ መጥቶ ነበር።

ዕድሜዬ 43 ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ያን ዕለት ማታ ለመሮጥ ወሰንኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። የልጄን የስፖርት ሱሪ ለበስኩ። ጎረቤት እንዳያውቀኝ ሻርፕ ተከናነብኩ። ከግቢው በር ወጣሁና ፈረጠጥኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ፊት፣ መሬት ላይ ተደርድረን ነው ያየነው። ከዚያ በኋላም ሩጫ በመጣ ቁጥር እናያለን። ግን ምኑን ነው የምናየው? የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ቡና ይፈላል፣ ይወራል። ደወሉ ሲደወል ነው ሁሉም «ዝም በሉ!» ብሎ የሚነሳው። ስለዚህ እኔ የማውቀው ሩጫ የመጨረሻውን ዙር ብቻ ነው። የሮጥኩትም እሱን ነው። ከበሩ እስከ ጥግ ሱቁ፣ ቢበዛ 200 ሜትር።

ሱቁ ጋ ስደርስ ጎኔን ወጋኝ። አፌ የብረት ጣዕም አመጣ። ጉልበቴን ይዤ አጎንብሼ ሳለሁ፣ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አለፉኝ። ቆም አሉና «እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሉኝ። «አሜን» አልኳቸው። ምን ልበል?

ለሦስት ቀን ወንበር ላይ የምቀመጠው ጠረጴዛ ይዤ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ነው ያዳነኝ ሰው የተገኘው። ከኛ ብሎክ ጀርባ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት አትሌቶች አሉ። ጠዋት ጠዋት ቱታቸውን ለብሰው ጥግ ላይ ሰርቪስ ይጠብቃሉ፤ ወደ ሰንዳፋ ወይ ወደ ሱሉልታ የሚወስዳቸውን። እኔ በፊታቸው እየሮጥኩ፣ ማለትም እየሞትኩ፣ ሳልፍ አንዱ ልጅ በትህትና እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ፣ ማንን ነው የሚያባርሩት?»

ሳቅኩ። ሳቁም ትንፋሽ አሳጠረኝና ቆምኩ።

«ቀስ ይበሉ» አለኝ። «ዱብ ዱብ ብቻ። በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳይፈጥኑ።» እነሱም ቀላል በሚሉት ቀን ጫካ ገብተው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ በዝግታ እንደሚሮጡ ነገረኝ። አላመንኩትም። አትሌት ቀስ ይላል እንዴ? ሰርቪሱ መጣና ሄዱ። «ደግሞ ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው» አለኝ በመስኮት።

የማወራው ሰው የለኝም። ስለዚህ «አባታችን ሆይ»ን በልቤ ሳይሆን በአፌ ማለት ጀመርኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልቆርጥ ካልኩት ልኩ ነው። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ትንፋሽ ካጠረኝ እቀንሳለሁ። ለጸሎትነቱ እንኳ ትንሽ አሳፍሮኛል፤ ለሩጫው ግን ከሰዓት የተሻለ መለኪያ ሆነልኝ።

ርቀቱን በመብራት ምሰሶ ነው የለካሁት። አንድ ምሰሶ ዱብ ዱብ፣ ሁለት ምሰሶ እርምጃ። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ። ሁለት ሳምንት እንዲሁ። ከዚያ ሁለት ምሰሶ ሩጫ፣ ሁለት እርምጃ። ከዚያ ሦስት ለአንድ። ምሰሶዎቹን አሁን በመልክ አውቃቸዋለሁ። ሰባተኛው ላይ የ«ቤት ይሸጣል» ወረቀት ተለጥፏል፤ አሥራ አንደኛው ዘሞ ወደ አስፋልቱ አዘንብሏል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እዚሁ ተወልደን ስላደግን አናስበውም። ለሥራ ድሬዳዋ ሄጄ ሳለሁ ግን ገባኝ። እዚያ ከፍታው የኛን ግማሽ ያህል ነው። ሙቀቱ ሳይነሳ ማልጄ ወጣሁና ሮጥኩ። ሳልቆም! የራሴ ሳንባ አልመሰለኝም። ለእህቴ ደውዬ «ተሰጥኦ አለኝ» አልኳት። አዲስ አበባ ተመልሼ አራተኛው ምሰሶ ጋ ስደርስ ተሰጥኦው አለቀ።

ውሻ። ጀማሪ ሁሉ ስለ ጫማ ይጠይቃል፤ የሚያስፈልገው ግን ስለ ውሻ ማወቅ ነው። ሌሊት የሰፈሩ ባለቤቶች እነሱ ናቸው። የሚሮጥ ሰው ደግሞ ሌባ ነው፤ በነሱ ቤት። መሸሽ አይሞከርም። ቆሞ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ድንጋዩ ባይኖርም ይሠራል። የአዲስ አበባ ውሻ ሁሉ ያንን ጎንበስ ያውቀዋል።

ጫማውን ግን ካነሳሁት አይቀር፦ የመጀመሪያውን የገዛሁት መንገድ ላይ ነው። ታዋቂ ስም ተጽፎበታል፤ አንድ ፊደል ብቻ ተሳስቷል። በሦስተኛው ሳምንት ሶሉ አፉን ከፈተ። ሊስትሮው ሰፋልኝና «ይሄ ለፎቶ ነው፣ ለሩጫ አይደለም» አለኝ። ሁለተኛውን ሳልባጅ ገዛሁ። ያገለገለ የሩጫ ጫማ ነው፤ ከአዲሱ አስመሳይ በብዙ ይሻላል። ሰው እንዳይንቀው ብዬ ታጥቦ አዲስ የመሰለውን መረጥኩ። አሁንም እሱን ነው የማደርገው።

በስድስተኛው ሳምንት ጠገብኩ። አምስት ቀን በተከታታይ ሮጥኩ፣ ያውም ኮብልስቶን ላይ። በስድስተኛው ቀን ቅልጥሜን ከፊት ለፊት እንደ ጥርስ ሕመም ጠዘጠዘኝ። ያ አትሌት ልጅ አይቶ «ይቁሙ» አለኝ። ሳንባ ቶሎ ይለምዳል፤ አጥንትና ጅማት ግን ዘግይተው ነው የሚከተሉት። ስለዚህ ሰው ትንፋሹ ሲቀለው እግሩም የጠና ይመስለዋል። አሥር ቀን አረፍኩ። ሲሻለኝ ከኮብልስቶኑ ወርጄ አፈር አፈሩን ያዝኩ። ይሄን ከመጀመሪያው የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሰው ያይሻል? ያያል። የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ደራርቱ!» ይላል። የትምህርት ቤት ልጆች «አይዞሽ፣ ደርሰሻል!» ይላሉ። የት እንደምደርስ እነሱም እኔም አናውቅም። መስቀል አደባባይም አንድ እሁድ ሄጄ ነበር። ደረጃዎቹ ላይ ሰው ከዳር እስከ ዳር እየሮጠ፣ አንዱን ሲጨርስ ወደ ሚቀጥለው እየወጣ ነበር። ፈጣኑም፣ እንደኔ ያለው ቦርጫምም፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ፍቅረኞችም። እዚያ ማንም ማንንም አያይም። ስድስት ደረጃ ሠርቼ ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ወር 20 ደቂቃ ሳልቆም ሮጥኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ማለት ነው። ጋቢ የለበሱት አባት ዛሬም ከሩቅ ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «እግዜር ይማርሽ» ማለቱን ግን ትተዋል። አሁን «በርቺ» ነው የሚሉኝ።

ለኅዳር ታላቁ ሩጫ ተመዝግቤያለሁ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሲሮጥ አንድም ቀን አልሮጥኩም። 10 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹን በእግሬ እሄደዋለሁ፤ የሚዘፍነው፣ የሚጨፍረው ብዙ ስለሆነ አይታወቅብኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ከዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቴ አስመዝግቦኝ ነበር። ተኝቼ ቀረሁና ቲሸርቱን ለግቢያችን ዘበኛ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ቀለሙ ለቆ፣ አንገቱ ተቀዶ፣ እሱ ላይ ነው። በዚያ ቲሸርት ነው በየጠዋቱ በር የሚከፍትልኝ።

ትናንት ስመለስ «ዘንድሮም ተመዘገቡ አሉ» አለኝ። አዎ አልኩት። የለበሰውን ከአንገቱ ላይ ሳብ አደረገና «ይሄማ አልቋል እኮ፣ እትዬ» አለ።

«ዘንድሮ ሌላ ፈልግ» አልኩት።