በሰው አገር መታነቅን ስማር

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሠራተኛ ሕግ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በዓመት እስከ 90 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው 15 ቀን በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 30 ቀን በግማሽ፣ የቀረው 45 ቀን ያለ ክፍያ ነው። ያ ሁሉ አልቆ ወደ ሥራው መመለስ ያልቻለን ሰው አሠሪው ሊያሰናብተው ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ስለሆነ ሌላ ቀጣሪ ካላገኘ ሻንጣውን ማዘጋጀት ነው። የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ስፖርተኛ ደግሞ ወደ ውድድር ለመመለስ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። እኔ አቡ ዳቢ ውስጥ ኤምኤምኤ፣ ማለትም ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀሉበትን የፍልሚያ ስፖርት፣ የተማርኩት እነዚህን ሁለት ስሌቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው። ስለ ወኔና ስለ ጀግንነት መስማት የሚፈልግ ሰው ከእኔ ብዙ አያገኝም፤ የማወራው በአብዛኛው ስለ ጥንቃቄ ነው።

የምሠራው ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ እንደ ብዙዎቹ የሠፈራችን ልጆች ወጣት ማዕከል ውስጥ ቴኳንዶ ሠልጥኛለሁ። እግሬ ፈጣን ነበር፤ ዛሬም አይታማም። አቡ ዳቢ ስደርስ ግን ከተማዋ ሌላ ዓለም ሆና ጠበቀችኝ። ከገዥው ቤተሰብ የሆኑት ሼህ ታህኑን ቢን ዛይድ በወጣትነታቸው አሜሪካ ውስጥ የብራዚሉን ጁ-ጂትሱ፣ ማለትም መሬት ላይ እየታገሉ በማነቅና መገጣጠሚያ በመጠምዘዝ የሚሸናነፉበትን ስፖርት፣ ተምረው ሲመለሱ ክለብ አቋቋሙ፤ በክለቡ ስም የሚጠራው የትግል ውድድርም እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀመረ። በ2008 ደግሞ ጁ-ጂትሱ ወደ ትምህርት ቤቶች ገባ። ሕፃናቱን የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ ብራዚላውያን አሠልጣኞች በብዛት መጡ። እነዚህ ሰዎች ቀን ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፤ ማታ በየጂሙ አዋቂዎችን ያሠለጥናሉ። አንድ የወጥ ቤት ሠራተኛ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ ከጥቁር ቀበቶ ባለቤት ፊት ሊቆም የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የታገልኩት በክብደት ከእኔ በብዙ ከሚያንስ ፊሊፒናዊ የባንክ ሠራተኛ ጋር ነበር። መነጽሩን አውልቆ በጥንቃቄ ማኅደሩ ውስጥ አስገባና እጄን ጨበጠኝ። እግሬን ከፍ ሳደርግ የቆምኩበትን እግር ይዞ ጣለኝ፤ ለመነሣት ስዞር እንደ ሕፃን ጀርባዬ ላይ ታዘለ። ቀኝ ክንዱ ከአገጬ ሥር ገባ፤ መዳፉ የግራ ክንዱን ጡንቻ ያዘ፤ ግራ እጁ ከማጅራቴ ኋላ ሄደ። ትንፋሼ አልተቋረጠም፤ አየር ስቤ አስወጣለሁ። ነገር ግን የክፍሉ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ፤ የመብራቱ ዳር ዳርም ጠቆረ። ይህ አያያዝ የሚጫነው የአየር ቧንቧን ሳይሆን በአንገት ግራና ቀኝ ደም ወደ አንጎል የሚወስዱትን ሥሮች ነው። በደንብ ከገባ ሰው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ክንዱን ሁለቴ መታ መታ አደረግሁት፤ በዚህ ስፖርት «ተሸነፍኩ፣ ልቀቀኝ» ማለት ነው፤ ወዲያው ለቀቀኝ። «ደኅና ነህ?» አለኝና እንደገና እጄን ጨበጠኝ።

ከመቅደላ ታሪክ ጀምሮ እጅ አለመስጠት ሲወደስ እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእኔ በኋላ የመጡ ሁለት የአገሬ ልጆች ጥርሳቸውን ነክሰው ሲቋቋሙ አይቻለሁ፤ አንደኛው ክርኑ አብጦ ለሳምንታት ትሪ ማንሣት ተስኖት ነበር። እኔ ግን ደመወዜ ያለው እጄ ላይ ነው። ስለዚህ ገና ሲጠብቅ፣ ገና ሳያም መታ አደርጋለሁ። ልምምድ ላይ የተሸነፈ ሰው ስም የትም አይመዘገብም። በተለይ ተረከዝ ተይዞ ጉልበት የሚጠመዘዝበት አያያዝ አደገኛ ነው፤ ሕመሙ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ጅማቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። ከማላውቀው ሰው ጋር ስገጥም ገና እጅ ስንጨባበጥ «ተረከዝ አንያያዝ፤ ነገ ሥራ አለብኝ» እላለሁ። እስካሁን በዚህ የሳቀብኝ ሰው የለም። ቢስቅብኝም ከእርሱ ጋር ባለመግጠሜ ደስ ይለኛል።

ጂም ስመርጥም መመዘኛዬ ይኸው ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሜዳሊያና ቀበቶ አላጓጓኝም። ከመመዝገቤ በፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሙሉ ልምምድ እንዳይ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ አንደኛው ቤት ከለከለኝ፤ እዚያ አልተመለስኩም። የተቀበለኝ ቤት ውስጥ ያየሁት አሠልጣኙ አዲስ ሰው ሲመጣ ከማን ጋር እንደሚያጣምረው ነው። ጥሩ አሠልጣኝ አዲሱን ሰው ረጋ ላለ ነባር ይሰጠዋል። መጥፎው ለውድድር ለሚዘጋጅ ኃይለኛ ልጅ መለማመጃ ያደርገዋል፤ ከዳር ሆኖም ይስቃል። ሌላው ያየሁት ምንጣፉ መቼ እንደሚታጠብና ሰዎች መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ነጠላ ጫማ ማድረግ አለማድረጋቸውን ነው።

ይህ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ጭርትና የቆዳ ቁስል በትግል ምንጣፍ ላይ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ይተላለፋሉ። ለሌላው ሰው ቅባት ተቀብቶ የሚያልፈው ነገር ለምግብ ሠራተኛ ከሥራ መታገድ ነው፤ መግል የያዘ ቁስል ያለበት እጅ ምግብ መንካት የለበትም። ስለዚህ ጥፍሬን አስቀድሜ እቆርጣለሁ፤ ልምምድ እንዳበቃ ወዲያው እታጠባለሁ፤ የለበስኩትን በዚያው ቀን አጥባለሁ። ለስድስት በምንጋራው ክፍል ውስጥ የላብ ልብስ በቦርሳ ውስጥ ማሳደር በጎረቤት ላይ ጦርነት ማወጅ ነው። የአልጋ ጎረቤቴ ኔፓላዊው ወዳጄ ጓንቴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ደጅ ያስቀመጠበትን ሌሊት አልረሳውም።

ጣቶቼንም እቆጥባለሁ። ኪሞኖ፣ ማለትም እንደ ጁዶ ያለውን ወፍራም የልምምድ ልብስ፣ ለብሶ የሚደረገው ጁ-ጂትሱ እጅጌና ኮሌታ ጨምድዶ መያዝ ስለሆነ የጣት መገጣጠሚያን ያደክማል። ቀኑን ሙሉ ቢላዋ ይዞ ሽንኩርት ለሚከትፍ ሰው ይህ አያዋጣም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዬን ያለ ኪሞኖ በሚደረገው ትግልና ሙአይ ታይ በሚባለው የታይላንድ ቦክስ ላይ አደረግሁ። ለኤምኤምኤም የሚቀርበው ይኸው ነው። ቡጢ ስንለማመድ ጭንቅላት ላይ በኃይል አንማታም፤ ይህን ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድሜ ተስማምቻለሁ። ራሱ የዞረበት ሰው በማግስቱ የፈላ ዘይት አጠገብ መቆም የለበትም።

ሰዓት ማግኘት ከሁሉም ይከብዳል። የሆቴል ፈረቃ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ጠዋት ገብተህ ቀትር ላይ ትወጣለህ፤ ማታ ትመለሳለህ። ጓደኞቼ በዚያ መሐል ይተኛሉ፤ እኔ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። በክረምታችን ወራት እዚያ የሚያቃጥል በጋ ነው። መንግሥት ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጆቹ ቀን፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ደጅ ፀሐይ ላይ መሥራትን ይከለክላል። እኔ ግን ልክ በዚያ ሰዓት ቦርሳዬን አንግቤ ከፌርማታ ወደ ጂም እሄዳለሁ። ጨው የተጨመረበት ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ መያዝ ልማድ ሆነብኝ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነው፤ ምንጣፉን እያጸዳሁ በነፃ እንድሠለጥን ሐሳብ አቅርቦልኝ ነበር። አመስግኜ እንቢ አልኩ። እዚያ አገር ያለ ፈቃድ ከአሠሪ ውጪ መሥራት ያስጠይቃል፤ ለአንድ መጥረጊያ ብሎ ችግር ውስጥ መግባት አይገባም። በምትኩ በሳምንት የተወሰኑ የቀትር ልምምዶችን ብቻ የሚያካትት ዝቅ ያለ ክፍያ ተነጋገርን። ቀትር ላይ ጂሙ ባዶ ስለሚሆን ለእርሱም ጥቅም ነበረው። ጠይቁ፤ ዋጋው ወረቀት ላይ የተጻፈው ብቻ የሚመስለን እኛ ነን።

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ። አብረውኝ ከሚሠለጥኑት መካከል ኤምሬታውያን፣ ዳግስታናውያንና ግብፃውያን ስላሉ በረመዳን ልምምዱ ከአፍጥር በኋላ ወደ ሌሊት ይዞራል። ለሆቴል ወጥ ቤት አፍጥር የዓመቱ ትልቁ ሩጫ ነው፤ እኔ የምደርሰው ሌሎች ሊጨርሱ ሲሉ ነበር። ያም ሆኖ ከቀረው ዓመት ይልቅ በዚያ ወር ተቀራረብን፤ ሁሉም ደክሟል፤ ማንም ጉልበቱን አያሳይም፤ ቴክኒክ ብቻ ይሠራል። ሥጋ ሳልበላ እንዴት እንደምታገል የሚጠይቁኝ ነበሩ። አቡ ዳቢ ለጾመኛ ጥሩ ከተማ ናት፤ ፉሉ፣ ሁሙሱ፣ ምስር ሾርባው፣ ተሂናው ሁሉ የጾም ነው። ክብደቴ ትንሽ ወረደ፤ ትንፋሼ ግን አልቀነሰም። የቀነሰብኝ እንቅልፍ ነበር፤ የከበደኝም እርሱ ነው።

ከክብደት ጋር የተያያዘውን ሌላ ጉዳይ ግን አልቀበልም። ብዙ ተፋላሚዎች ወደ ዝቅተኛ ምድብ ለመግባት ከሚዛን በፊት ውኃ ከሰውነታቸው አውጥተው ይቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያንግ ጂያን ቢንግ የተባለው ቻይናዊ ማኒላ ላይ ለሚደረግ ውድድር ክብደት ሲቀንስ ሞተ፤ ውድድሩን ያዘጋጀው ዋን የተባለው ድርጅት ከዚያ በኋላ ሰውነትን በማድረቅ ክብደት መቀነስን ከለከለ። እኔ ፈረቃዬን ሙሉ ምድጃ ፊት ስቀልጥ እውላለሁ፤ በላዩ ላይ ውኃ የምከለክለው ሰውነት የለኝም። የቀላል ክብደት ጣሪያ 70.3 ኪሎ ግራም ነው፤ በልቼና ጠጥቼ የምመዝነውም እዚያው አካባቢ ስለሆነ በዚያው እቀራለሁ።

የአማተር ግጥሚያ ሲቀርብልኝ የጠየቅሁት ስለ ተጋጣሚዬ አልነበረም። ሐኪም በቦታው አለ ወይ? የሆስፒታል ወጪ ቢመጣ የሚከፍለው ማን ነው? አሠሪዬ የገባልኝ የጤና መድኅን የውድድር ጉዳት እንደማይሸፍን በጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ አዘጋጆቹ ለተወዳዳሪ መድኅን መግባታቸውን የሚያሳይ ወረቀት ካላየሁ አልፈርምም አልኩ። አሳዩኝ። የሄፓታይተስና የኤችአይቪ የደም ምርመራም ተደረገ። ቀኑን ደግሞ እኔ መረጥኩ፤ የዓመት ፈቃዴ በሚጀምርበት ሳምንት። 30 ቀን የዓመት ፈቃድ ስላለኝ ፊቴ ቢያብጥ ወይም ጣቴ ቢጎዳ የማገግመው በራሴ ጊዜ ነው። ለሌላው ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው።

ግጥሚያው እንደ አማተር ደንብ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የሆኑ 3 ዙሮች ነበሩት፤ የቅልጥም መከላከያ እናደርጋለን፤ በክርን መምታት ክልክል ነው። ተጋጣሚዬ በትግል ያደገ ካዛክስታናዊ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር በእግሬ አራቅሁት፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው የመፋለሚያው ቦታ አጥር ላይ አጣብቆ ደጋግሞ ጣለኝ። በነጥብ አሸነፈኝ፤ ፍርዱ ትክክል ነበር። ግራ ዓይኔ ሥር ካበጠው በቀር ሙሉ ሆኜ ወጣሁ፤ ከልብስ መቀየሪያው ስንወጣም አብረን ሻይ ጠጣን።

በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ገባሁ። እናቴ በር ላይ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ማነው እንዲህ ያደረገህ ልጄ? አሠሪህ ነው?» አለችኝ። አይደለም እማዬ፣ ካዛክስታናዊ ነው፤ ተስማምተን ነው የተማታነው፤ በኋላም ሻይ ጋብዞኛል አልኳት። ለጎረቤት የምታወራው ግን እስከ ዛሬ አሠሪው መታው ብላ ነው።